ለቡሄ የነጣው አትሮኖስ

በደብረ ታቦር ቫርኒሽ በመርጨት የሚስተካከለኝ የለም። ትምህርት ቤት የገባሁት በር ልገጥም ነው፤ ገጥሜ ወጣሁ። ቫርኒሽ የሚረጨውን ኮምፕሬሰርም የተማርሁት ፈታትቼ ነው። ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ እስካሁን ይሠራል። ከዚህ እስከ ገሳይ የሚያብለጨልጭ ቁም ሳጥን ካያችሁ የኔ ነው፤ የማያብለጨልጨው የሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ክረምት የአጥቢያችን መሪጌታ ለቡሄ አዲስ አትሮኖስ አዘዙኝ። አሮጌውን ምስጥ ስለበላው መጽሐፉን አንድ ዲያቆን በክንዱ ደግፎላቸው ነበር የሚያነቡት። «ለበዓሉ ባይደርስ ስሜን ይለውጡት» አልኋቸው፣ ያውም በሰው ፊት። አፌ እንደ እጄ ፈጣን ነው።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ረጨሁት። አቧራ እንዳይነሳ አስቀድሜ ወለሉን ውሃ አርከፈከፍሁ፤ በበጋ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ውጭው ዝናብ፣ ውስጡ ረግረግ ሆነ። ቫርኒሹ ወዲያው ደመና ለበሰ፤ ያ ያማረ ዋንዛ አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ደግሜ ብረጨው ባሰበት።

መሪጌታው ሊያዩት መጡ። አትሮኖሱን ዞር ዞር ብለው አዩና «በደብረ ታቦር የነጣው የጌታ ልብስ ነው። አትሮኖስ ነጣ የሚል አላነበብሁም» አሉኝ። ካልሆነ ያው ዲያቆኑ ይደግፋል ብለው ሄዱ።

ቫርኒሹን የሠራውን ሁሉ ስራገም ባለቤቴ ከደጅ ሰማችኝ።

«በክረምት ብቅል የሚያሰጣ ሰው አስቀድሞ መሬቱን ያጠጣል?» አለች።

እኔም ልደርስበት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ በትኜ እርጥበቱን ሲመጥ ጠረግሁት። ኮምፕሬሰሩን ከሥሩ ብከፍተው አንድ ጣሳ ውሃ ወጣው። ክፍሉን በከሰል አሞቅሁ፤ የቫርኒሽ ማቅጠኛው ቲነር በእሳት ይያያዛልና ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ አራቅሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ቲነር ብቻ በስሱ ረጨሁበት። ንጣቱ ዓይኔ እያየ ጠፋ።

በቡሄ ዕለት መሪጌታው አነበቡበት፤ ዲያቆኑ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

እንግዲህ በሦስት ቀን ይህን ሠራሁ፦ የነጣ እንጨት ወደ መልኩ መለስሁ፣ ከኮምፕሬሰር ውሃ ቀዳሁ፣ ቤት ሳላቃጥል ቤት አሞቅሁ፣ የዲያቆን ክንድ አሳረፍሁ፣ ስሜንም አተረፍሁ። በክረምት ወለል እንዳይረጥብ ለከተማው አናጢ ሁሉ አስተምሬያለሁ። ከማን እንደ ተማርሁት እስካሁን የጠየቀኝ የለም።