ቋሚ የሚያንኳኩት ወንድሜ

ስለ ታላቅ ወንድሜ ብዙ መጻፍ አልችልም። ስለ ማንኳኳታቸው ግን እችላለሁ።

አያ እላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት አያ፣ አባታችን ጣና ዳር የሠሩትን ቤት የዋንዛ ቋሚዎች በጣታቸው እያንኳኩ ያዳምጡ ነበር። ምስጥ ከጭቃው ሥር ተደብቆ ነው እንጨት የሚበላው። «ምርጊቱን አትመን፤ እንጨቱን ጠይቀው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ማንኳኳቱን ሰምቶ ገባ። ግድግዳው ውስጥ መሣሪያ የተደበቀ መስሎታል።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ምስጥ።»

«ምስጥ የሚሉት ማንን ነው?»

እኔ ደነገጥሁ። በእንዲህ ያለ ቃል ሰው ይታሰር ነበር። ጠባቂው «ግድግዳው ይፍረስና እንየው» አለ።

«መጀመሪያ ጆሮህን አስጠጋ» አሉት አያ።

እየተጠራጠረ አስጠጋ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ይቆረጥማል እኮ!» አለ።

«ታዲያ እሰረዋ!»

ሳቁ አመለጠው። ሄደ፤ ግድግዳውም ተረፈ። አያ የተበላውን ቋሚ በሌላ ዋንዛ ተኩት።

ካረፉ ወዲህ እኔም አንኳኳለሁ። ደኅናውም የተበላውም ለእኔ ጆሮ አንድ ነው። የትኛውን እንደምተካ አላውቅም፤ ሁሉንም እጠረጥራለሁ። ጎረቤቶች «ቤታችሁ እኮ ደኅና ነው» ይሉኛል።

ከውጭ አይተው ነው።