ቀልቶ የተገኘው ተራራችን

በእኛ አገር «መሬቱ ቀላ» ከተባለ ተላጠ ማለት ነው፤ አፈሩን ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ ከደብረ ታቦር የመጣችው ባለሙያ የተራራችንን ፎቶ ዘርግታ ቀይ ሆኖ ባየሁት ጊዜ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ቀረ አልኩ።

ነገሩ ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው፤ ከአርብ ገበያ ወዲህ ባለችው መንደራችን። ተራራውን ከከብት ከከለልነው ዓመታት አልፈዋል። ከግርጌው ያለችው የገብስ ማሳዬ በየክረምቱ በጎርፍ ስትቦረቦር ኖራ ገና ማገገሟ ነበር። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ግን «ሣር እያጨዱ መሸከም እስከ መቼ? ተራራው ይከፈትና ከብቱ ይጋጥ» ብሎ ግማሹን ሰው አሳምኗል። ወገቡን ያመዋል፤ አልፈርድበትም። ጉዳዩ የሚቆረጠው ግን ባለሙያዋ በመጣችበት ስብሰባ ነበር፤ ከተከፈተ ማሳዬ አለቀላት።

ባለሙያዋ የያዘችው ሁለት ፎቶ ነው፤ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ያነሳቸው፣ ሁለቱም በበጋ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ። አንዱ የደርግ ጊዜ፣ አንዱ የአምና። በአሮጌው ተራራው አመድ መስሏል፤ በአዲሱ ቀልቷል።

ዋርሳዬ ብድግ አለ። «ይኸው! ከልለን ከልለን አቀላነው! እቴ፣ ይህን ነው ስትጠብቂ የከረምሽው?»

ሰው ወደ እኔ እያየ ሳቀ።

«አይ ጋሼ፣» አለች ባለሙያዋ፣ «እዚህ ፎቶ ላይ ቀዩ ቅጠል ነው። ካሜራው ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ስለሚይዝ ለምለሙ በቀይ ይወጣል።»

«ቅጠል የሚቀላው በየት አገር ነው ልጄ? በርበሬ አስመሰልሽው እኮ!»

ከዚያ በኋላ ብትል ብትል የሚሰማት ጠፋ። ዋርሳዬ በድል ወደ ፎቶው ተጠጋ፤ የራሱን ቤት ፈልጎ ሊያሳየን ነው። ጣቱን ከወንዙ አስነስቶ ሽቅብ ሲጎትት አንድ ቦታ ቆመ።

«ይቺ ክብ ቀይ ነገር ደግሞ ምንድን ናት? በአሮጌውም አለች፣ በአዲሱም አለች።»

ከጎኑ የነበሩት መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። «ደብራችን ናታ! የወንዙን መታጠፊያ አታየውም?»

«ደብራችንማ...» አለና ጣቱን ከፎቶው አነሳ። ደብራችን ጥድና ወይራ የዋጣት ናት፤ ከውጭ ጣሪያዋ እንኳ አይታይም። በቅጽሯ የተላጠ መሬት ከየት ይመጣል?

«ጨርሰዋ!» አሉት መሪጌታ።

«ዛፍ ናት» አለ፤ ቀጥሎም ሳቁ አመለጠው። «በገዛ ጣቴ! በቃ፣ ቀዩ ዛፍ ነው።»

ሊያድበሰብሰው ይችል ነበር፤ አፍ አያንሰው። እሱ ግን ወደ ሰዉ ዞሮ «ተከልሎ ይቆይ» አለ። እጅ ሲወጣ መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነው። እግዜር ይስጠው፣ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የእሱን ድርሻ ሣር ልጆቼ ያጭዱለታል። እሱም ወገቡን ይዞ ዳር ይቆምና «ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ፣ ለማን አስቀራችሁት!» እያለ ያዛቸዋል።