ገልገላ

ቆቦ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶች አቧራውን አስነሱት። ሽታው አያቴን አስታወሰኝ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ «ገልገላ ሆነ» ይል ነበር። እኔ ግልገሎች የሚገቡበት ሰዓት ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ብነግረው ሳቀ።

«የኦሮሞ ቃል ነው ልጄ። ‹ገሊ› ማለት ‹ወደ ቤት ግቢ› ማለት ነው። ገልገላ የሚባለው የቤቱ ሰው ሁሉ ሲገባ ነው።»

ልጁ፣ አጎቴ፣ ግመል ሊገዛ አፋር ወርዶ ሳይመለስ የቀረ ጊዜ፣ ጨለማው ድፍን ካለ በኋላ «አባባ፣ ገልገላ ሆነ?» አልኩት። የአጥሩን በር ክፍት ትቶ መንገዱን እያየ፣

«ገና ነው» አለኝ።

አያቴ ካረፈ ቆየ። ዛሬም ከቤታችን ያንን በር ደፍሮ የሚዘጋ የለም።