ነፋሱን ያሳዩት ሽማግሌ

በወንዝ ዳሯ ከተማ በካንጋተን ዳርቻ ያለው ሜዳ ታጥሯል፤ በነፋስ ኃይል ከወንዙ ውሃ ሃይድሮጂን የሚባል ነዳጅ ሊወጣበት ነው ተብሏል። በሩ ላይ፣ ሩሃማ ሻይ የምትሸጥላቸው፣ ስማቸውን ግን የማታውቀው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። ሐሩሩ እያቃጠለም ካፖርታቸውን አያወልቁም። የተሰጣቸውን ወንበር ትተው ከእጃቸው የማትለየው የእንጨት በርኮታቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ የአጥሩን ቁልፍ ከጨሌያቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል።

«እነዚህ ሜዳውን ያጠሩት ሰዎች፣ ነፋስ የሚበረታው የት ነው አሉኝ» አሏት አንድ ቀን። «ዝንብ ስለማይደርስበት ከብቶቼ የሚያርፉበትን ቦታ እየመራሁ አሳየኋቸው። እኔ ሞኙ፣ ስለ ነፋሱ ብቻ የጠየቁኝ መስሎኝ።»

ዛሬ መንጋ ወደ አጥሩ ሲጠጋ ድንጋይ አንስተው «ሂድ ወዲያ!» ብለው ጮኹ። ከብቶቹ ደንብረው ሸሹ። አንድ ቦቃ በሬ ብቻ ድምፃቸውን ለይቶ፣ ድንጋዩን ወደያዘው እጃቸው እየሮጠ መጣ።