እርስዎ እያሉ እኔ?

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታሰር ምን ያህል ይሆናል? ለአንዳንዱ የሠራው ቤት ነው፤ ለአንዳንዱ የወለዳቸው ልጆች። የቡታጅራ ሰው ግን በርበሬ ነጋዴውን ዱባለን ሲያነሣ ቤቱንም ልጆቹንም ትቶ በቀጥታ ወደዚያች አውሮፕላን ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን ምድር ለምድር የተመላለሰ ሰው፣ ሰማይ ላይ በቆየባት በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ መታወሱ ፍርድ ይሁን ቀልድ መለየት ያስቸግራል።

ዱባለ የመስቃን ሰው ነው። ከእንሴኖ ገበያ በርበሬ ሰብስቦ አዲስ አበባ ይሸጣል። በርበሬውን የሚያሻሽጥለት ምላሱ ነው። ሚስቱ ዘርፈሽዋል «ይኼ ሰውዬ ሲያስነጥስ እንኳ ታሪክ አለው» ትለዋለች። ይህ ወሬኛ ሰው ግን አንድ የሚያንገበግበው ነገር ነበረው። መንደሩን ከቡታጅራ የሚለያት ረግረግ ነው። ክረምት ሲገባ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ረግረጉን ሲዞሩ ቀኑ ይመሻል። ዱባለ ደግሞ ረግረጉን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ዝናብ የማይደፍረው ተረተር ያውቃል፤ በቅሎዎቹን የሚነዳው በዚያ በኩል ነው። መንገዱ በተረተሩ ላይ ቢወጣ ቃሬዛው ይቀራል።

በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ፣ ለመንገድ ሲያዋጣ የኖረው የአገሩ ተወላጆች ማኅበር መሐንዲስ ቀጠረ፤ መስመሩን ከላይ ለማየትም ትንሽ አውሮፕላን ተከራየ። ተረተሩን የሚያሳይ ሰው ሲፈለግ ዱባለ አዲስ አበባ ነበርና እሱ ተመረጠ። መሐንዲሱ በመኪና ቀደመ። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ ቡታጅራ ሜዳ ላይ ማረፍ፣ ምሳ መብላት፣ መሐንዲሱን አሳፍሮ ተረተሩን ማየት።

ከፊት ሁለት አብራሪዎች ተቀመጡ፤ ጡረታ የወጡት ሻምበል ወልደአማኑኤልና እሳቸው በረራ ያስተማሩት ወጣት፣ ካሳሁን። በየፊታቸው አንድ አንድ መሪ አለ፤ አንዱ ሲዞር ሌላውም አብሮ ይዞራል። ማን እንደሚያበር ግን ከመነሣታቸው በፊት አልተነጋገሩም። ካሳሁን አስነሣ፤ ሻምበል መሐል ላይ ተቀበሉት፤ ደግሞ መለሱለት። መምህርና ተማሪ ናቸው፤ ምን መነጋገር ያስፈልጋል?

ጥያ ላይ ሲደርሱ ዱባለን ፍርሃቱ ለቀቀው፤ አፉም አብሮ ተለቀቀ።

«አቤት! እነዚያ ትክል ድንጋዮች ከዚህ ሲታዩ የኔን ጥርስ አይመስሉም?»

«ጥርስህንማ ከአዲስ አበባ ጀምሮ እያየነው ነው» አሉ ሻምበል። ሦስቱም ሳቁ።

ቡታጅራ ታየች። ሞተሩ ረገብ አለ፤ አውሮፕላኗ ወደ ሜዳው ማቆልቆል ጀመረች።

«በል ካሳሁን፣ አንተው አሳርፋት።»

«እርስዎ እያሉ እኔ? ኧረ አይሆንም!»

«በማርያም!»

«ኧረ በጊዮርጊስ፣ ሻምበል!»

ደጃፍ ላይ ቆሞ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» እየተባባለ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? መልካም ልማድ ነው፤ ቢበዛ ወጡ ይቀዘቅዛል። በር ቆሞ ይጠብቃል፤ ምድር ግን እየቀረበች ነበር። ይኼኔ ዱባለ ከኋላ የሁለቱንም ትከሻ በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ያቻት ዘርፈሽዋል! በስተግራ፣ ሜዳው ዳር! በሞቴ እዩልኝ፣ ነጠላዋን ስታውለበልብ!»

በሞቴ ከተባለ ማን አያይም? ሻምበልም ካሳሁንም ወደ ግራ ዞሩ፤ እጃቸውንም አውለበለቡላት። ሻምበል ካሳሁን እሺ ያለ መሰላቸው፤ ካሳሁን ደግሞ ሻምበል የተቀበሉት መሰለው። ሁለቱም መሪዎች ባዶ ነበሩ። አውሮፕላኗ በትሕትና ዝቅ፣ ዝቅ እያለች፣ ሜዳው ሳትደርስ የሰው እንሰት ጓሮ ውስጥ ገባች። ሰፋፊው ቅጠል ባይቀበላት ኖሮ የሚያስቅ ታሪክ አይሆንም ነበር። ሻምበል ክንዳቸው ተሰበረ፤ ካሳሁን ግንባሩ ተላጠ፤ ዱባለ የፊት ጥርሱን ጣለ።

መሐንዲሱ እየሮጠ ደረሰ።

«መሪውን ማን ይዞት ነበር?»

«እሱ» አሉ ሻምበል።

«እሳቸው» አለ ካሳሁን።

«እኔ እንኳ ትከሻቸውን ነው የያዝኩት» አለ ዱባለ።

ዘርፈሽዋል ደሙን እየጠረገችለት «እኔን! የአፉ በር ተዘግቶ እንኳ ወሬው አላስቀመጠንም፤ አሁን በሩ ወልቆ ምን ልንሆን ነው?» አለች።

ጥፋቱ ለሦስት ቢካፈልም ወስዶ የተሸከመው አልነበረም። መናናቅ እንደሚገድል ማንም ያውቃል፤ መከባበርም አፍ አውጥቶ «ይዣለሁ» ካላለ እንደሚገድል የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ዱባለ ነገሩን በገባው መጠን ቤቱ አስገባው። ሕፃን ሲያቀብልም ሆነ እንስራ ሲያወርድ «ይዘሻል?» ይላል፤ «ይዣለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ሳይባል አይለቅም።

ሌላ አውሮፕላን ተገኘ። አዲሶቹ አብራሪዎች ግን ታሪኩን ሰምተው ስለነበር ዱባለን አንጭንም አሉ። መሐንዲሱ ያለ እሱ ወጥቶ ተረተሩን ከሌላው ጉብታ መለየት አቃተው፤ መስመሩም ረግረጉን ዞሮ ተሰመረ።

ዱባለ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«አባቶቼ፣ ገና አልተቆፈረም። አንዴ ብቻ መልሳችሁ አውጡኝ። አፌን በነጠላ እሰሩት፤ እጄንም እሰሩት። አንዲት ጣት ብቻ ተዉልኝ፤ በእሷ አሳያችኋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያወጣው ግን አልነበረም።