ድንጋይ ያሸከመ ኤፍ

ዝናሽ መንግሥቴን ሰቆጣ ላይ «ዶክተር» ብሎ የማይጠራት የለም። ዶክተር ግን አይደለችም። ገና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ ያውም ጥናቷ መንገድ ላይ የቆመባት ተማሪ። ባጃጅ ነጂው ዶክተር ይላታል፣ ባለሱቁ ሚፍታሕ ዶክተር ይላታል፤ ቅዳሜና እሁድ የምታስተምራቸው የቢሮ ሰዎችማ እናቷ ያወጣችላትን ስም እስኪረሱት ድረስ ዶክተር፣ ዶክተር ይሏታል። መጀመሪያ አካባቢ ታርማቸው ነበር። ኋላ ሲታክታት ተወችው። ስሙን በነጻ እንዳልሰጧት ግን ሆዷ ያውቅ ነበር።

የፃግብጂ ልጅ ናት። አባቷ አቶ መንግሥቴ ገብስና ጤፍ ዘርተው፣ ጥቂት ፍየል አርብተው ነው ያሳደጓት። ቤት ውስጥ በአገዎቹ ቋንቋ በኽምጣና፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ እየተናገረች አደገች። ሰቆጣ ወርዳ ተማረች፣ ከሰቆጣ በወልድያ በኩል ሩቅ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ሄደች፣ እዚያው ቀርታ ሦስተኛ ዲግሪዋን ጀመረች። የምታጠናው በዚያው አካባቢ ያለው የዝቋላ ወረዳ ገበሬ በድርቅ ጊዜ ፍየሉን እንዴት አድርጎ እንደሚያተርፍ ነው። የጥናቱ በጀት ዛሬ ይለቀቃል፣ ነገ ይለቀቃል ይባላል እንጂ ሲለቀቅ ያየ የለም።

ዩኒቨርሲቲው ግን ለሌላ ነገር ብልሃት አያጣም። የዶክትሬት ተማሪዎቹን በሰዓት እየከፈለ የቅዳሜና እሁድ የማስተርስ ተማሪዎችን ያስተምርባቸዋል፣ ፈተና ያሳርማቸዋል። ዝናሽ የአገሩ ልጅ ናት ብለው የሰቆጣውን ማዕከል ሰጧት። ዝቋላ ድረስ የሚያመላልሳት፣ መረጃ ለሚሰበስብላት ሰው የሚከፍልላት ይኸው የሰዓት ክፍያ ነው። ኮንትራቱ በየሴሚስተሩ ይታደሳል፤ አንድ ጊዜ ካልታደሰ ጥናቱም እዚያው ላይ አከተመ ማለት ነው። ይህን የማዕከሉ አስተባባሪ ይሄይስ ያውቃል። ማወቁንም እሷ ታውቃለች።

የምታስተምረው የምርምር ዘዴ ነው። ተማሪዎቿ አብዛኞቹ ኃላፊዎች ናቸው። ክፍል ገብተው ስልክ ያነሳሉ፣ ወጥተው ይቀራሉ፤ አንዱማ ሹፌሩን ልኮ ማስታወሻ ያስይዝ ነበር። ሹፌሩ የዋህ ሰው ነው፤ ጥያቄ ስትጠይቅ እጁን ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም መልሱን ያገኘዋል። ፈተና ላይ የሚቀመጠው ግን አለቃው ነው። ዝናሽ ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። ሥራ ነው፣ ይለፍ አለች።

የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ጽሑፍ ሲመጣ ግን የሚታለፍ አልሆነም።

የሻምበል የሚባለው ተማሪዋ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ከንግግሩም ከኮቱም ሥልጣን የሚሸት ሰው። ያስገባው ጽሑፍ ርዕሱ «በፃግብጂ ወረዳ የቡና አምራች ገበሬዎች የገበያ ችግር» ይላል። ዝናሽ ዓይኗን አሸች። ፃግብጂ ላይ ቡና ከገበያ ተገዝቶ የሚገባ ነገር እንጂ የሚበቅል አይደለም። ገለጠች። የፃግብጂ ቡና አምራቾች ተጠይቀው፣ የጫካ ቡናቸውን ዝንጀሮ እየፈጀባቸው መሆኑን በምሬት ተናግረዋል። ዝናቡም በዝቶ አስቸግሯቸዋል። የሻምበል ከሩቅ አገር የተሠራ የሰው ጥናት አግኝቶ የቦታውን ስም ብቻ ነው የቀየረው። መጨረሻው ላይ የምስጋና ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ የማያውቃትን የሌላ ሰው ሚስት ስሟን ጠርቶ «በጥናቱ ወቅት ላሳየሽኝ ትዕግሥት» ብሎ አመስግኗታል።

ሳቋ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ዝናብ ጠፍቶ አባቷ ዘራቸውን አፈር ውስጥ ያስቀሩበት ዓመት ነው እኮ! ይኸ ሰው እዚያው አገር ላይ ዝናብ በዝቷል ብሎ ጽፎ፣ በዚሁ ወረቀት ዲግሪ ጭኖ፣ በዲግሪው ተሹሞ ነገ ስለ አባቷ ማሳ ሊወስን ነው። የሰው ላብ መስረቁ ሳያንስ፣ የሰረቀውን እንኳ አላነበበውም። ያስጠላል። ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

ጠርታ ነገረችው። የሻምበል ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ዶክተር፣ ተሳስቼ የሌላ ሰው ፋይል ልኬ ነው» አላት።

«እንግዲያው ትክክለኛውን ላክልኝ፤ እጠብቅሃለሁ» አለችው።

ጠበቀችው፤ አልላከም። ኤፍ ሰጥታ ውጤቱን ለይሄይስ አስረከበች።

ይሄይስ ወረቀቱን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ዶክተር፣ ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው። ሥራ ይበዛባቸዋል።»

«ሥራ ከበዛባቸው አይማሩ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን እስኪጸድቅ ጊዜ አለ፤ ረጋ ብለሽ አስቢበት» አላትና ሻይ ጋበዛት።

በሳምንቱ እሁድ ከክፍል እንደወጣች አባቷን ልትጠይቅ ወደ ፃግብጂ ሄደች። መኪናው እስከሚያደርሳት ሄዳ የቀረውን በእግሯ ወጣችው። አቶ መንግሥቴ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስትስማቸው ሳሟት፤ ዓይኗን ግን አላዩአትም።

«አሞዎታል እንዴ አባዬ?»

«አላመመኝም። ሽማግሌ መጥቶብኝ ነበር» አሉ። «ማክሰኞ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። የሽምግልና ባልንጀራዬ ካሤ ፊት ፊት፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሌሎችም አሉ። ከኋላቸው አንድ ኮት የለበሰ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል።»

ዝናሽ ቀልቧ ተገፈፈ። እሷ ባደገችበት አገር ድንጋይ ማጅራት ላይ የሚጫነው ደም ሲፈስ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ከፊት አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ በር ላይ ይቆማል፤ ይቅር ብያለሁ፣ አውርዱለት እስኪባል ቀና አይልም። አቶ መንግሥቴ በዚህ ነገር ሲያስታርቁ ያረጁ ሰው ናቸው። ስንቱን ድንጋይ በእጃቸው አውርደዋል።

«ማን ሞተ?» አለች።

«እኔም ይኸንኑ ነበር ያልሁት። ወንድምሽ ደጅይጥኑ ሰቆጣ ሄዶ አድሮ ነበርና፣ በቃ ልጄን ገደሉብኝ አልሁ። ካሤ፣ እሺ በለንና እንቀመጥ ይለኛል። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሬ ላይ ቆሞ እንዴት ብዬ እንቢ ልበል? የልጄን ደም ለእግዜር ብዬ ሰጠሁት። እሺ፣ ይቅር ብያለሁ፣ አውርዱለት አልሁ። ተቀመጡ። የነገሩኝ ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ምን አሉዎት?»

«ልጅህ ፈተና ላይ ጥላዋለች፤ ቃልህን ሰጥተሃልና አስተካክላ ታሳልፈው አሉኝ። ለፈተና ነው እንዴ ድንጋይ የሚሸከመው? ብዬ ብጠይቀው፣ ካሤ መሬት መሬት ያያል።»

ዝናሽ የውሸት ጥናቱን እንኳ አንድ ነገር ነው ብላ ነበር። አባቷን ግን የልጃቸውን ሞት አስቀምሰው፣ ከዚያ የልብ ድንጋጤ ላይ እሺታቸውን ነጥቀው ሄዱ። ለምን? ለአንድ ግሬድ! የሰው ልጅ ደም የሚደርቅበትን ድንጋይ፣ የሻምበል የሚባለው ሰው ከመንገድ ዳር አንስቶ ለቡና ጥናት ተሸከመው። ሽማግሌዎቹስ? ካሤን የሚያህል ሰው እንዴት ፊት ፊት ይመራል?

ስለ ጽሑፉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አቶ መንግሥቴ ቡና የሚለውን ሲሰሙ ዞር ብለው የደረቀውን ተረተር አዩ። አልሳቁም።

«አላሳልፈውም አባዬ።»

«ቃሌስ?»

«አታልለው ያስገቡዎት ቃል ነው።»

«ያታለሉኝስ እነሱ ናቸው። እሺ ያልሁት ግን እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ያሉትን ይበሉ። እኔ እንቢ ብያለሁ» አለች። አባቷን ፊት ለፊት እንቢ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። አቶ መንግሥቴ ስትሄድ እንደ ወትሮው የመንገድ ቆሎ ቋጠሩላት። ያን ቆሎ እስከ ሰቆጣ ድረስ ሳትቀምሰው ይዛው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አባቷ ከሽምግልና ቀሩ። የወንድሟ ሚስት እማዋይሽ ናት ስልክ ደውላ የነገረቻት። «ቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ሲጠሯቸው አይሄዱም። ቃሉ ልጁ ዘንድ ያልቆመለት ሰው የማንን ደም ያስታርቃል ይላሉ። ቤት ውለው ገመድ ነው የሚገምዱ። አንቺየዋ፣ ምን አለበት ብታሳልፊውና ብንገላገል?»

ዝናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ፣ የዝቋላን ፍየል ትታ ስለ አባቷ ገመድ ስታስብ ትውላለች። የይሄይስን ቁጥር አውጥታ ታያለች። «ቀይረው» ብትል በአንድ ቃል ሽማግሌው ወደ ወይራቸው ይመለሳሉ፤ ኮንትራቷም ይታደሳል። ስልኩን መልሳ ታስቀምጠዋለች። የሻምበል የተሸከመው ድንጋይ አባቷ ማጅራት ላይ ተላልፎ መቅረቱን ስታስብ ደግሞ የምትገባበት ይጠፋታል።

በጥር፣ ሴሚስተሩ ተዘግቶ አባቷ ቤት ስትደርስ በሩ ላይ አንድ ሙክት በግ ታስሮ አገኘች። የሰባ፣ ላቱ የሚወዛወዝ።

«የማነው?» አለች።

እማዋይሽ ፈገግ አለች። «የሻምበል የላከው ነዋ! አሁን እነ ካሤ አምጥተው አስረውት ሄዱ። በኤፉ ፋንታ ቢ አገኘሁ፣ ሽማግሌው ቃላቸውን ጠበቁልኝ ብሎ ነው። እግዜር ይስጥሽ እቴ፣ አሳረፍሽን።»

ዝናሽ እዚያው እንደቆመች ደወለች። ይሄይስ በፍጥነት አነሳ።

«ማነው የቀየረው?»

«ኮሚቴ አየው።»

«የትኛው ኮሚቴ?»

«ዶክተር፣ ነገር አታክርሪ። አንቺ እኮ የሰዓት መምህር ነሽ። ያንቺ ሥራ ማረም ነው፤ ማጽደቁ የኛ ነው። ሲስተም ላይ የገባው በአንቺ ስም ስለሆነ የሚጠይቅሽ ሰው የለም፤ አትስጊ» አላት፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

በእሷ ስም! ዝናሽ የሰው ትፋት እጇ ላይ ያረፈ ይመስል እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ቀና ስትል አቶ መንግሥቴ ከጓሮ መጥተው ቆመዋል። በጉንም እሷንም ያያሉ። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር፤ ፊታቸው ግን የታመመ ሰው ፊት ነው።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አሉ።

«እኔ አይደለሁም።»

«እኔ ከሽምግልና ቀርቼ ቤቴ ስቀመጥ አፍሬ መስሎሻል። ማፈሩንስ አፍሬ ነበር። ግን ለካሤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ የእኔን እሺ ሰርቃችሁ ወስዳችኋል፣ የልጄን እንቢ ግን አትወስዱም ብዬዋለሁ። በዚያ ነበር ቀና የምል። ዛሬ በግ ይዘው ሲመጡ የት ልግባ?»

«አባዬ፣ በእግዜር ስም፣ እኔ አልቀየርሁም። እነሱ ናቸው።»

«አስተማሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አንቺ የጣልሽውን ሌላ ሰው በምን አቅሙ ያነሳዋል?»

ልታስረዳቸው ሞከረች። የሰዓት መምህር ማለት ምን እንደሆነ፣ እሷ ታርማለች እንጂ እንደማትወስን፣ ስሟ ግን ከታች እንደሚጻፍ። በልቧ ስታስበው ያን ያህል አልነበረም፤ አባቷ ፊት በአፏ ስታወጣው ግን ይበልጥ ገማ። አቶ መንግሥቴ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«አምኜሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። ጎንበስ ብለው የበጉን ገመድ ፈቱ። «እኔ ደጅ አይታረድም። ራሴው ሰቆጣ ድረስ እመልስለታለሁ።»

ዝናሽ ልቧ ሞቀ። አብራቸው ልትሄድ ነጠላዋን አስተካከለች። ስልኳ ጠራ።

«ተቋርጦብኝ ዋናውን ሳልነግርሽ» አለ ይሄይስ። «ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለት ክፍል ይዤልሻለሁ። እነዚያው ልጆች ናቸው። የሻምበልም አለ፤ ምንም ቂም የለውም፣ አታስቢ። ዛሬ ስም ማስተላለፍ አለብኝ። እሺ ነው ወይስ ሌላ ሰው ልያዝ?»

ቂም የለውም! ዝናሽ እንቢ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ዝቋላ ታየቻት፤ ጠይቃቸው ያልጨረሰቻቸው ገበሬዎች፣ «እንግዲህ መቼ ነው የምትጨርሺው?» የሚሏት አማካሪዋ፣ ባዶ እጇን ወደ ፃግብጂ ስትመለስ። ይሄይስ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

«እሺ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ሬት መረራት። ስልኩን ዘጋች። አቶ መንግሥቴ ገመዱን እንደያዙ ቆመው ያዩአታል።

«ማነው?»

«ሥራ ነው አባዬ።»

«እዚያው?»

«እዚያው።»

ሽማግሌው ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙ። በጉ ገመዱን እየሳበ ቁልቁል ሊወርድ ይታገላል። ዝናሽ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተራመደች፤ እሳቸው ግን ቅሪ በሚል እጃቸውን አነሱ።

«እኔስ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር እሺ ያልሁት» አሉ፤ በጉን አስከትለው ብቻቸውን ወደ መንገዱ ወረዱ።