ሁለቱ በስመ አብ

አባቴ መዝሙረ ዳዊት ማንበብ የተዉት ማኅበር ላይ ነው። የሚያዩትን ነገር መካከሉን ጥላ ከጋረደባቸው ወዲህ ብዙውን በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ቃሉ ጠፋባቸው። መጽሐፉን ከደኑና አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰው አቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ቤትም ውስጥ አልከፈቱትም። ሐኪሙ መነጽር እንደማይረዳቸው፣ በጣም ከጎላላቸው ግን ፊደል ሊለዩ እንደሚችሉ ነግሮን ነበር።

የእኔ ሥራ ደግሞ ድራይቨር መጻፍ ነው፤ ኮምፒውተርን ከመሣሪያ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ማለት ነው። መቆሚያ ያለው ካሜራ፣ ፊደሉን የሚያጎላ የሚሽከረከር ቁልፍና ስክሪን ይዤ ወላጆቼ ቤት፣ ሞላሌ ገባሁ። ለካሜራውም ለቁልፉም ለየራሳቸው ድራይቨር ጽፌላቸዋለሁ፤ ለየብቻ ስሞክራቸው ምንም አላሉም። አንድ ላይ ሳጣምራቸው ግን ኮምፒውተሩ አሻፈረኝ አለ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ተገኝቷል ይለኛል።

ስሙን ሳየው ሳቄ መጣ። እኛ ቤት በስመ አብ ሳይባል የሚጀመር ነገር የለም። እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ መሣሪያውን የሚቀሰቅሰውን የፕሮግራሙን መጀመሪያ ሁልጊዜ «በስመ አብ» ብዬ ነው የምሰይመው። የካሜራው በስመ አብ፣ የቁልፉም በስመ አብ።

ችኩል ነኝ። ስሙ ቢደገምም እለፈው ብዬ አዘዝኩት፤ አለፈው። ምስሉ መጣ፣ ቁልፉን ግን ባዞረው ባዞረው ወይ ፍንክች። ለካ ኮምፒውተሩ የቁልፉን ሲጠራ የሚመጣለት መጀመሪያ ያገኘው የካሜራው በስመ አብ ነው። ካሜራው ሁለቴ ተቀስቅሶ ቁልፉ ተኝቷል። በንዴት ጠረጴዛውን መታሁት።

«ምን አደረገሽ ደግሞ?» አሉ አባቴ ከመደቡ ላይ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለአንዱ ሌላ ስም አታወጪለትም?»

«አላወጣለትም። እንደ ሰፈራችን ሞክሼ ልጆች በየአባታቸው ስም እጠራቸዋለሁ።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተይው ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ አትድከሚ። እኔ እንደሆን በቅቶኛል» አሉ።

«እኔ አልበቃኝም» አልኩ፣ እንደ ቁጣ አድርጎኝ።

አንዱን «የካሜራው በስመ አብ»፣ ሌላውን «የቁልፉ በስመ አብ» ብዬ፣ በሚጠሩበት ቦታ ሁሉ እየገባሁ አስተካከልኩ። ዳዊታቸውን ከፍቼ ካሜራው ሥር አደረግሁት፤ አሁን ቁልፉ ሲዞር ፊደሉ መዳፍ አከለ። አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አንድ መስመር አነበቡ፣ ቀጥሎ ሌላ። በቃላቸው ሲወጡት ይሮጡ ነበር፤ አሁን ፊደል በፊደል ነው የሚሄዱት።

ገጹን ሲጨርሱ መጽሐፉን ወደ ጎን አደረጉትና «እናትሽን ጥሪያት» አሉ።

እማዬ ውጭ ገብስ ታበጥር ነበር። ካሜራው ፊት አስቀመጧትና ወደ እሷ አዙሪው አሉኝ።

«ምኔን ሊያዩት ነው? አርጅቻለሁ እኮ» አለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

«ግለጪው።»

ገለጠችው። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። አባቴ ቁልፉን ቀስ እያደረጉ ያዞራሉ፤ ግንባሯን፣ ዓይኖቿን፣ ጉንጯን።

«ልነሳ እንግዲህ፣ ገብሱን ዶሮ ጨረሰው» አለች እማዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ቀና በይ» አሉ አባቴ፤ «ገና አልጨረስኩም።»